እጮኛዬ በጉብኝት ቪዛ መጥቷል፤ ሳንጋባ እንግሊዝ አገር መቆየት ይችላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አንቺ የእንግሊዝ ፓስፖርት አለሽ። እጮኛሽ በስድስት ወር የጉብኝት ቪዛ ከአዲስ አበባ መጥቶ አንቺ ጋ ነው፤ ቪዛው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ግን አልተጋባችሁም። ከጀመራችሁ ሦስት ዓመት ሊሞላችሁ ነው። «እዚሁ ሆነን ማራዘም እንችላለን ወይ?» ነው ያልሽው። እኔና ባለቤቴ በዚሁ መንገድ ስላለፍን የማውቀውን ልንገርሽ።

አይቻልም። ቀኑ ሳያልፍ ይመለስና ከአዲስ አበባ ያመልክት። መስማት የፈለግሽው ይህን እንዳልሆነ ይገባኛል። ኤርፖርት ላይ መለያየት እንዴት እንደሚከብድ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

የጉብኝት ቪዛ ጣሪያው ስድስት ወር ነው። እንደ ሕክምና ያሉ ጥቂት ጉዳዮች ካልሆኑ ከዚያ አያልፍም። ከጉብኝት ወደ ፓርትነር ቪዛ (ለትዳር ወይም ለፍቅር አጋር የሚሰጠው) እዚሁ ሆኖ መቀየርም አይፈቀድም። «ቶሎ ካውንስል (ማዘጋጃ ቤት) ሄዳችሁ ተፈራረሙ» የሚሉሽም አሉ ብለሻል። በተራ የጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው እዚህ መጋባት አይችልም። ለዚያ ራሱን የቻለ የጋብቻ ጉብኝት ቪዛ አለ። እሱን ይዞ የመጣም ቢሆን ተጋብቶ መመለስ አለበት።

«ዝም ብሎ ይቅር፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚለውን ምክር ደግሞ እባክሽ አትቀበይ። ቪዛው አልፎበት የሚኖር ሰው መሥራት አይችልም፣ ቤት በስሙ መከራየት አይችልም፣ ነገሩም በሕግ ወንጀል ነው። በኋላ ስታመለክቱ ያ ሁሉ ከፊታችሁ ይቆማል። በቀኑ የተመለሰ ሰው ግን ቃሉን እንደሚጠብቅ አሳይቷል። የእኔው ሰው ቪዛው ሳያልቅ ቀደም ብሎ ነው የሄደው። ማመልከቻችን ላይም ይህንኑ በደንብ ጻፍነው።

አሁን ወደ ደጉ ነገር ልምጣ። ድሮ ላልተጋቡ ሰዎች የሚሰጠውን ቪዛ ለማግኘት ሁለት ዓመት አብሮ መኖርን ማሳየት ግድ ነበር። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ከሠርግ በፊት አንድ ቤት መግባትን ስንቱ ወላጅ ይፈቅዳል? እ.ኤ.አ. ከጥር 31 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ደንቡ ተቀይሯል። የሚጠየቀው እንደ ትዳር ያለ ግንኙነት ቢያንስ ለሁለት ዓመት መቆየቱ ነው። አንድ ቤት አለመኖራችሁ ብቻውን አይጥላችሁም። ለምን አብራችሁ እንዳልኖራችሁ ግን በግልጽ ጻፉ። ሥራው፣ ርቀቱ፣ ባህሉ፣ ሁሉም ምክንያት ነው።

ዋናው ሥራ ማስረጃው ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜሽን አጥፊ። የእኛ ሰው ገንዘብ የሚልከው በሰው እጅ ነው፣ ደረሰኝ የለውም። ለዓመታት ስትረጂው ኖረሽ አንዲት ወረቀት ላታገኚ ትችያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ላኪ። የቴሌግራም ጥሪዎቻችሁን ከየወሩ ትንሽ ትንሽ ስክሪንሾት አድርጊ። ሁሉንም ጭውውት አትላኪ፤ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ በተረጋገጠ ትርጉም መቅረብ አለበት፣ ተርጓሚው ደግሞ በገጽ ነው የሚያስከፍለው። እኛ ከሁለቱ ዓመታት ዋና ዋናዎቹን ብቻ መርጠን አስተረጎምን፦ ቤተሰብ የታመመበትን፣ ስለ ሠርጉ የተነጋገርንበትን፣ የተኳረፍንበትንም ጭምር።

የሽምግልናውን ፎቶ እንዳትረሺ። የእኛው ላይ ሽማግሌዎቹ ሶፋ ላይ ተደርድረዋል፣ አባቴ ጋቢ ለብሶ ከፊታቸው ተቀምጧል፣ እናቴ በሩ ጋ ቆማለች። ከሥሩ ማን ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ ጻፍን። ቀኑን በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር አድርጊው። የእኛን አቆጣጠር ብቻ ካየ፣ መርማሪው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሊያነበው ይችላል። ከቀበሌ የሚወጡ ወረቀቶችም ላይ ይህንኑ ተጠንቀቂ።

ገቢን በተመለከተ፣ ልጅ ኖረም አልኖረም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው በዓመት 29,000 ፓውንድ ነው። እሱ አዲስ አበባ የሚያገኘው ደመወዝ አይቆጠርም፤ ያንቺ ብቻ ነው። አንድ ቀጣሪ ጋ ስድስት ወር ከሠራሽ የስድስት ወር ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት)፣ የባንክ ስቴትመንትና የቀጣሪሽን ደብዳቤ ታቀርቢያለሽ፤ ፔይስሊፑና ስቴትመንቱ መገጣጠም አለባቸው። ሬስቶራንት ውስጥ በእጅ የሚከፈል ገንዘብ ወረቀት ከሌለው እንደሌለ ቁጠሪው። ሁለት ሥራ ካለሽ ይደመራል። ፒፕ (የአካል ጉዳት ወይም የሕመም ድጎማ) ወይም ኬረርስ አላዋንስ (በሽተኛ ለሚያስታምም የሚሰጥ ድጎማ) የምታገኚ ከሆነ ደግሞ ይህ የ29,000 መስፈርት አይመለከትሽም፤ እናንተን ማኖር መቻልሽ ነው የሚታየው።

ወጪው ያማል። የማመልከቻው ክፍያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከውጭ ለሚያመለክት 1,938 ፓውንድ ሆኗል። የጤና ሰርቻርጁ (ለመንግሥት ሕክምና አስቀድሞ የሚከፈለው) ለ33 ወሩ ቪዛ 3,105 ፓውንድ ነው። ከመክፈልሽ በፊት የመንግሥትን ድረ ገጽ እዪ፤ በየጊዜው ይጨምራል። እሱ አዲስ አበባ ላይ የቲቢ ምርመራ በአይ.ኦ.ኤም. (ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ክሊኒክ ያደርጋል፤ ወረቀቱ ስድስት ወር ብቻ ስለሚያገለግል በጣም አይቸኩል። የእንግሊዝኛ ፈተናውም አለ። ዲግሪውን በእንግሊዝኛ ከተማረ የውጭ ዲግሪን በሚያረጋግጠው ኤክቲስ በተባለ ድርጅት አረጋግጦ ፈተናውን ማስቀረት ይችላል።

ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የእጮኛ ቪዛ ነው፤ ስድስት ወር ይሰጣል፣ መሥራት አይቻልም፣ ከተጋቡ በኋላ እዚሁ ሆነው እንደገና ከፍለው ያመለክታሉ። ሌላው አገር ቤት ሄዶ ተጋብቶ በባልነት ማመልከት ነው። የእኔ አስተያየት፣ ወላጆችሽ ሠርጉን የሚጠብቁ ከሆነና ከሥራ እረፍት ማግኘት ከቻልሽ ሁለተኛው ይሻላል። ጥያቄውም ይቀንሳል፣ ሁለቴ መክፈልም ይቀራል። ለእናንተ ግን ሦስት ዓመት ሊሞላችሁ ስለሆነ ሳትጋቡም በሩ ክፍት ነው።

አማካሪ ከያዝሽ ጠበቃ ወይም አማካሪዎችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ በኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ፣ የተመዘገበ ይሁን። «ሰው አውቃለሁ» ለሚል ሰው አንድ ፓውንድ አትስጪ።

ሳይሄድ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ለጉብኝቱ ሲያመለክት አንቺን ማን ብሎ ነው የጻፈው? ብዙ ሰው ቪዛው እንዳይከለከል ፈርቶ «ጓደኛዬ» ወይም «የአክስቴ ልጅ» ይላል። ያ ፎርም ሆም ኦፊስ (ቪዛ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ጋ አለ። አሁን «ሦስት ዓመት የቆየ እጮኛዬ» ብትሉ ሁለቱን አስተያይተው ይጠይቃሉ። «እጮኛዬ» ብሎ ከሆነ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ኮፒውን አያይዙት። ሌላ ነገር ብሎ ከሆነ ግን ከማመልከታችሁ በፊት ለአማካሪው መጀመሪያ የምትነግሩት ይህንን ይሁን። ምን ብሎ እንደጻፈ አይተሽ እዚሁ ንገሪኝ።