የእናቴን ጣት ማሽኑ አላነብ አለ፤ ደረጃውን የሚያወጣው ማነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም፣ ስታሰጣና ስታበጥር የኖረች ሴት ናት። ባለፈው ማንነቷን በአሻራ እንድታረጋግጥ ተብላ አንድ ባንክ ይዣት ሄድኩ። ጣቷን ብታስቀምጥ፣ ደግማ ብታስቀምጥ ማሽኑ እምቢ አለ። በሶፍት ጠረጉላት፣ አሁንም እምቢ። «ነገ ተመለሱ» ተባልን። ቤት እስክንገባ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ነበር። ሠራተኛው «ማሽኑ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው» አለኝ። ይሄን ደረጃ የሚያወጣው ማነው? አገራችንስ ትጠየቃለች ወይስ ያለቀውን ነው የምንቀበለው? (ከሄርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን ሰላም በይልኝ። እጇን የምትሸሽግበት ምንም ምክንያት የለም። ዕድሜና የጉልበት ሥራ የጣትን መስመር ያሳሳሉ፣ ደረቅ ቆዳ ሲጨመርበት ደግሞ ማሽኑ ጥርት ያለ ምስል አያገኝም። እዚህ ጅማ ዙሪያ በቡና ሥራ የኖረ ሰው ስንት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ማሽኑ ምስሉን ሲያነሳ ለጥራቱ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል። ስለ ነጥቡ አሰጣጥ የሚናገር 29794 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ስንት ነጥብ ይበቃል የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሥርዓቱን ያቆመው ድርጅት ነው። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው፣ በዚያ ተሸኝታችሁ መመለስ አልነበረባችሁም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ደረጃውን የሚያወጡት በ1947 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ኢሶ እና የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ የሚያወጣው አይኢሲ በጋራ ባቋቋሙት ኮሚቴ ሥር ያሉ ንዑስ ኮሚቴዎች ናቸው። ባዮሜትሪክስ፣ ማለትም ሰውን በአሻራው፣ በፊቱ ወይም በዓይኑ መለየት፣ የንዑስ ኮሚቴ 37 ነው። ካርድ የ17 ነው። የማንነት አስተዳደርና የግል መረጃ ጥበቃ ደግሞ በንዑስ ኮሚቴ 27 ውስጥ በ5ኛው የሥራ ቡድን ይዘጋጃል። በእነዚህ ቦታዎች ድምፅ የሚሰጠው አገር እንጂ ኩባንያ አይደለም፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ ለአንድ አገር አንድ ድምፅ ነው። ኢትዮጵያም የኢሶ አባል ናት፣ የምትወከለውም በኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት በኩል ነው። ስለዚህ ወንበሩ አለ። ዋናው ነገር ሰው ተቀምጦበት ይናገራል ወይ ነው፤ ምክንያቱም አባል አገር በአንድ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ተሳታፊ ወይም ታዛቢ መሆንን ራሱ ይመርጣል፣ ተሳታፊ የሆነ ደግሞ ረቂቅ በመጣ ቁጥር የመመርመርና ድምፅ የመስጠት ግዴታ አለበት።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ የስማችን ነገር ነው። በማንነት አስተዳደር ደረጃው በ24760 ማንነት ማለት የአንድ አካል መለያዎች ስብስብ ነው። ጥሩ፣ የትኞቹ መለያዎች? የእኛ ሰው ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ነው። ብዙ የውጭ ሥርዓት «የቤተሰብ ስም» ይጠይቅሻል፣ አንዱ የአባትሽን ይወስዳል፣ ሌላው የአያትሽን፣ በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ጫልቱ የሚለውን ስም ውሰጂ። በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ይጀምርና አናባቢዎቹ ይደረባሉ። በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ በ«ሲ» እና «ኤች» ይጀምራል። ሴትዮዋ አንድ ናት፣ ኮምፒውተሩ ግን አይመሳሰሉም ይላል። ታላቅ እህቴ በዚህች በአንዲት ፊደል የተነሳ ሦስት ቀን ተመላልሳለች።

የልደት ቀንም አለ። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ፎርም ላይ የት ይግባ? «የቡና ለቀማ ሰሞን ነው የተወለድኩት» የሚሉ እናቶችስ? ይህ መፍትሔ ያጣ ነገር አይደለም። በፓስፖርት ደረጃው ቀኑ ወይም ወሩ ያልታወቀ ሰው ቦታው በመሙያ ምልክት እንዲያዝለት ተፈቅዷል። አንድ ሰው አስቦ አስገብቶታል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደልም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የኮድ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች ነው፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ደክመውበታል። ዛሬ ስልክሽ ላይ «ጫ» ብለሽ የምትጽፊው በዚያ ሥራ ነው።

ታዲያ ተሳታፊ አገር በደረጃ ረቂቅ ላይ እንዴት ይናገራል? አስተያየት የሚቀርብበት ቅጽ ሰንጠረዥ ነው። የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው መስመር፣ አስተያየቱ ቴክኒካዊ ነው ወይስ የአርትዖት፣ ከዚያ «አስተያየት» እና «የሚተካው ሐሳብ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። «የሚተካው ሐሳብ» የሚለው ዓምድ ነው ቁም ነገሩ። «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ማለፍ ብዙ አያራምድም፣ በቦታው የሚገባውን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ረቂቁ ለድምፅ ሲቀርብ ጊዜው 12 ሳምንት ነው። እንዲያልፍ ከተሳታፊ አገሮች ድምፅ ሁለት ሦስተኛው ድጋፍ መሆን አለበት፣ ተቃውሞውም ከአጠቃላዩ ድምፅ ከአንድ አራተኛ መብለጥ የለበትም። 12 ሳምንት ደግሞ ሳይታሰብ ያልቃል፤ ረቂቁን ቀድሞ የሚያነብ ቡድን አገር ውስጥ ከሌለ ድምፁ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ባለው ቡድን ውስጥ የመንግሥት ሰው ብቻ ሳይሆን ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲና ተጠቃሚም ቢገባ ነው የሚጠቅመው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተርም ጤናም ግብርናም የሚያስተምር ተቋም ነው። የቡና ለቃሚ ጣት በማሽን ላይ ስንት ጊዜ እንደሚወድቅ ለክቶ ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። ተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎች የመመረቂያ ርዕስ ከቸገራችሁ ይሄን አስቡበት።

ለእናትሽ ደግሞ አሁኑኑ። ባንኩ የተጠቀመበትን ማሽን ዓይነት፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረችና የትኞቹን ጣቶች እንደሆነ ጻፊው። ከመሄዳችሁ በፊት እጇን ታጥባ ትንሽ ቅባት ትቀባና ትርፉን ትጥረገው፣ የደረቀ ቆዳ ያስቸግራል። ለፋይዳ ተመዝግባ ከሆነ የተወሰደው የ10 ጣቶቿ አሻራ፣ የዓይኗ አይሪስና የፊቷ ምስል ነው። ስለዚህ በአውራ ጣቷ ብቻ አትድረቁ። ሌሎቹን ጣቶች፣ በተለይ ቡና የማትለቅምበትን እጅ ሞክሩ። እሱም እምቢ ካለ በፊቷ ምስል ወይም በስልኳ በሚላክ ኮድ እንዲያረጋግጡላት ጠይቂ። «ነገ ተመለሱ» ካሉሽ የቅርንጫፉን ኃላፊ አነጋግሪና እምቢታውን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።