አይ3-6100 ፕሮሰሰሬን አሁን ልቀይረው ወይስ ልቆይ?

ወንድሜ፣ «የፎቶ ቤቴ ኮምፒውተር ቪዲዮ ሳቀናብር ይንቀራፈፋል፣ ፕሮሰሰሩን ልቀይር?» ላልከው፣ ብር ከማውጣትህ በፊት ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩን ክፍሎች ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተህ ሥራህን ሥራ። ዲስኩ 100% ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ዘና ካለ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው፤ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የማከማቻ ዲስክ) ግዛ። ራም (ጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ) ከሞላም ራም ጨምር። ሲፒዩው ራሱ 100% ላይ ከቆየ ግን ጊዜው ደርሷል። ያንተው አይ3-6100 ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ነው። ያገለገለ አይ7-7700 ብታገኝ 4 ኮር አለው፣ ማዘርቦርድህም (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከታደሰ ብዙውን ጊዜ ይቀበለዋል። ባዮሱን ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) እንዳትነካው! የጎንደርን መብራት ታውቀዋለህ፤ መሃል ላይ ከሄደ ማዘርቦርዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ፒያሳ ስትጠይቅ 8ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር «ይገጥማል» ቢሉህ አትግዛ፤ ሶኬቱ ቢመሳሰልም በዚህ ቦርድ አይነሳም። ዊንዶውስ 11 ካሰብክ ደግሞ አይ7-7700ም በይፋ አይደገፍም። ያኔ ቦርዱን ጭምር መቀየር ይሻልሃል።