ጉድጓዱ 1,000 ሜትር ኩብ፣ የተጫነው 1,360፤ ተበላን ወይ?

ከቢቸና የጠየቅከን ወንድማችን፣ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ ዋልካውን፣ ያን ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ አስቆርጣችሁ ጉድጓዱ ሲለካ 1,000 ሜትር ኩብ ወጣ። ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ግን 85 ቢያጆ አመላልሷል። ያ ደግሞ 1,360 ነው። «ተበላን ወይ?» ብለሃል።

በቁጥሩ ከሆነ አልተበላችሁም። አፈር ሲቆፈር ይነፋል። ተጠቅጥቆ የኖረው በኤክስካቫተር ሲፈነቀል መሃሉ አየር ይገባዋል። ሸክላማ አፈር ከ25 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል። ድንጋይ ይብሳል፤ በድማሚት የተፈነቀለ ጥቁር ድንጋይ ከ50 በመቶ በላይ ሊያብጥ ይችላል። የእናንተ 36 በመቶ ደንበኛ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ካሶኒው (የመኪናው የጭነት ሳጥን) ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሹፌሩ ሳይጠርገው ይመለሳል፣ በላዩ ላይ ይጫንበታል። ለዚያው አፈር ደግማችሁ ደጋግማችሁ ትከፍላላችሁ። የሚደፋበት ቦታ አንድ የኮሚቴ ሰው አቁሙ፤ ካሶኒው ሲነሳ ውስጡን ይይ። ይህን የሚያደርግ ኮሚቴ ብዙ አላጋጠመኝም።

ለነገሩ ቢያጆ መቁጠር ራሱ ጭቅጭቅ ነው። በመንገድ ሥራ ቀያሹ ከቆረጣው በፊትና በኋላ መሬቱን ይለካል፣ የሚከፈለው በልዩነቱ ነው። እናንተም እንዲያ ብታደርጉ ይሻላል።

ለሙሌት ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ስታስመጡ ደግሞ ሒሳቡ ተገልብጦ ይመጣል። 1,000 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ተጠቅጥቆ እንዲሞላ 1,000 ልቅ ገረጋንቲ አይበቃም፤ 1,300 አካባቢ አስቡ። አንዴ ደፍተው በላዩ ላይ ሮለር ቢነዱበት ዋጋ የለውም። ከታች ያለው ልቅ ሆኖ ይቀርና በክረምት ይሰምጣል። 20 ሳንቲሜትር አካባቢ እያነጠፉ፣ ከቦቴ ውሃ እያጠጡ ይጠቅጥቁት። ሜራዊ ያለው የቆጋ ግድብ እኮ የአፈር ግድብ ነው፤ በወጉ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ ያቆማል።

«የወጣውን ዋልካ መልሰን እንሙላው» የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል።

አሁኑኑ ውሉ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፦ «ሙሌት የሚለካው ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው።» ኮንትራክተሩ በቢያጆ ካልሆነ ካለ፣ ልዩነቱን አስልታችሁ የቢያጆውን ዋጋ በዚያው ልክ አስቀንሱት።