አባታቸው ከጁምዓ ሲመለሱ መንገድ ጠፋባቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ሂፖካምፐስን አንስቼ ነበር፤ «የት ነው ያለሁት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን የአንጎል ክፍል። ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ደብዳቤ መጣ። ከመካከላቸው አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሂፖካምፐስ በግራ ነው በቀኝ?

በሁለቱም።

ፒያሳ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር፣ የለንደን ታክሲ ነጂዎች አንጎል ያድጋል ሲባል ሰምቶ «የኛስ?» ይላል።

የነሱን ልንገርህና አንተው ፍረድ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአንጎል ተመራማሪዋ ኤሌኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ ሲመረምሯቸው የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ገዝፎ ተገኘ። በሥራው ብዙ የቆየው ደግሞ ይበልጥ ይገዝፍ ነበር። በኋላ ከአውቶቡስ ሹፌሮች ጋር ሲነጻጸሩም ታክሲዎቹ በለጡ። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፤ አውቶቡሱ ግን መስመሩ አንድ ነው። ኮንትራት ስትይዝ አቋራጩን ራስህ ፈልግ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «የሂፖካምፐስ ሴል ቦታውን ካወቀ፣ የአንጎል ምት ምን አገባው?»

ሁሉም የሚዘለውን ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። ተመራማሪዎቹ ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ቀጭን ሽቦ በአይጥ ሂፖካምፐስ አስገብተው ሲያዳምጡ፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ የሚተኩስ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚልክ)፣ ከዚያ ስትወጣ ዝም የሚል ሴል አገኙ። ጎረቤቱ ሴል ደግሞ የራሱ ሌላ ቦታ አለው። ይህ ግን ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አይነግርህም።

ቤቱን የሚነግርህ ምቱ ነው። አይጧ ስትራመድ የሂፖካምፐሷ የኤሌክትሪክ ምት በሴኮንድ 8 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቴታ ይባላል። መንዙማ ሲወጣ ጭብጨባውን አስብ፤ ቴታ ያ ነው። ሴሉ ድቤ መቺው ነው። አይጧ ወደ ሴሉ ሰፈር ስትገባ ድቤው ከጭብጨባው ዘግይቶ ይመታል። አንድ እርምጃ ስትገፋ ትንሽ ይቀድማል፣ ስትገፋ ደግሞ ይቀድማል፤ ሰፈሩን ለቃ እስክትወጣ በየዙሩ እየቀደመ ይሄዳል። ኦኪፍ ከአንድ ባልደረባው ጋር ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳየ። ስለዚህ ማን መታ ብቻ ሳይሆን መቼ መታ የሚለውም ይነበባል፤ አይጧ ምን ያህል ዘልቃ እንደገባች ከዚያ ይታወቃል።

በአንዲት ጭብጨባ ውስጥ ደግሞ ያለፈችው ቦታ ሴል ቀድሞ፣ ያለችበት ቀጥሎ፣ የምትሄድበት መጨረሻ ይመታል። መንገዱ በሙሉ እንደ ዶቃ ተሰክቶ በአንድ ሴኮንድ አንድ ስምንተኛ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

የኮምቦልቻ ልጅ ስለ አባቷ፦ 68 ዓመታቸው ነው። ከጁምዓ ሲመለሱ 30 ዓመት የሄዱበት መንገድ ጠፍቷቸው ቦርከና ወንዝ ዳር ተገኙ። ሙስበሃቸው በእጃቸው ነው፤ «ቤቴን አሳየኝ» ብለው የሱቅ ልጅ ጠይቀዋል። ዘመድ «እርጅና ነው» ይላል፣ አክስት «ዓይን ነው» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ፤ ግን ቀን አትጨምሪ። ስም መርሳት የእርጅና ሊሆን ይችላል። የ30 ዓመት መንገድ መጥፋት ግን በእርጅና አይታለፍም።

ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። ከሂፖካምፐስ አጠገብ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ የሚባል ክፍል አለ። ሜይ-ብሪትና ኤድቫርድ ሞሰር እ.ኤ.አ. በ2005 ኖርዌይ ውስጥ፣ መሬቱን እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን የሚከፋፍሉ ሴሎችን ያገኙት እዚያ ነው፤ በ2014 ከኦኪፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙበት። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱም ይኸው ነው።

አባትሽ አልዛይመር አለባቸው አላልኩም። የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ወድቀው ከነበረ ጭንቅላት ውስጥ የተቋጠረ ደም፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ያደናግራሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። የሚውጡትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ የነርቭ ሐኪም (ኒውሮሎጂስት) እንዲያያቸውም ጠይቁ። ሳይመረምር «እርጅና ነው» ብሎ የሚመልሳችሁ ካለ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ እጃቸው ከሰነፈ በዚያው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው። ዱዓው አይቅር፣ ምርመራውም አይቅር።

እስከዚያው በር አትቆልፉባቸው። ወደ መስጂድ አንድ ልጅ አብሯቸው ይሂድ፤ ኪሳቸው ውስጥም ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑር።

«የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ በገዛ ሰፈሬ ለምን እጠፋለሁ?»

አንጎልህ ምልክት ባያይም እርምጃህንና መታጠፊያህን እየቆጠረ ይመራሃል። ግን እያንዳንዱ ቆጠራ ትንሽ ትንሽ ይስታል፤ የሚያርመው የምታውቀው ግንብ ወይም ዛፍ ነው። ቆም ብለህ አንድ ግድግዳ ፈልግ።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ፦ «ሌሊቱን ሙሉ ባጠና አይሻልም?»

አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1994 እንደታየው፣ አይጧ ስትራመድ አብረው የተኮሱት የሂፖካምፐስ ሴሎች እንቅልፏ ውስጥም አብረው ይተኩሳሉ፤ ቀን የሄደችበትን ሌሊት ትደግመዋለች። እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ካለህ ሐኪም አማክር፤ ካልሆነ ግን ደብተሩን ዝጋና ተኛ።