ቻርጅ የሚለውን ቃል ስታገኙ

ውድ የትርጉም ሥራ የጀመራችሁ ልጆቼ፣

በአስተርጓሚነት ባሳለፍኳቸው ሠላሳ ዓመታት ከከባድ የሕግና የሕክምና ቃላት ሁሉ በላይ ያስቸገረኝ፣ ስልካችንን በሰካን ቁጥር የምንጠራው «ቻርጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የማታውቁትን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ትፈልጉታላችሁ፤ የምታውቁት የመሰላችሁን ግን ሳታዩት ታልፋላችሁ።

በዋሽንግተን ዲሲ ስሠራ አንዲት እናት ከአንድ ሆስፒታል የደረሳቸውን ደብዳቤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። የጎረቤት ልጅ «ቻርጅ» የሚለውን ቃል አይቶ «ክስ አለብዎት» ብሏቸው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ወረቀቱ ግን ያልተከፈለ 40 ዶላር በሂሳባቸው ላይ መኖሩን ከመግለጽ አያልፍም ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ ቃሉ በፍርድ ቤት በእርግጥ ክስ ነው። ሂሳብ የሚለው ቃል እዚያው አጠገቡ እያለ ዓይኑን ወደዚያ አለማዞሩ ግን እኚህን እናት ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

እኔን የረዳኝ የቃሉን ሥር ማወቄ ነው። መነሻው የጭነት ጋሪን የሚያመለክት የላቲን ቃል ሲሆን፣ ጋሪ ላይ መጫን የሚል ግስ ወጥቶለት በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ «ካር» እና «ካርጎ» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። እንግዲህ ጭነቱን ተከተሉት፦ በሰው ላይ ዕዳ ሲጫን ክፍያ፣ ጥፋት ሲጫን ክስ፣ አደራ ሲጫን ኃላፊነት ይሆናል። እኛስ «ጥፋቱን እሱ ላይ ጫኑበት» እንል የለ? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1740ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለ ኤሌክትሪክ ሲጽፍ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል፤ የስልካችን ባትሪም የሚሸከመው ያንኑ ጭነት ነው። «ዲስቻርጅ» ደግሞ ማራገፍ ነውና ከሆስፒታል ለሚወጣ ሕመምተኛም፣ ከቁስል ለሚወጣ ፈሳሽም፣ ከዕዳው ነጻ ለሚባል ሰውም ያገለግላል።

በጣም የምለምናችሁ ትንንሾቹን ቃላት እንዳትንቁ ነው። ነርሷ ሕፃኑን በሚመለከት «ኢን ቻርጅ ኦቭ» ከተባለች ጠባቂዋ እሷ ናት፤ ሕፃኑ ግን «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ተብሎ ከነርሷ ጋር ሲያያዝ ተጠባቂው እሱ ነው። በአንዲት «ዘ» ጠባቂና ተጠባቂ ቦታ ይለዋወጣሉ። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደግሞ ዳኛው ከተራ ዜጎች የተውጣጣውን የፍርድ ጉባኤ፣ ማለትም «ጁሪ»ውን፣ «ቻርጅ አደረጉ» ሲባል ማንንም አልከሰሱም፤ ጉባኤው ለምክክር ከመግባቱ በፊት ሊከተለው የሚገባውን ሕግ አስረዱት ማለት ነው።

ቃሉን ባገኘሁ ቁጥር ማን፣ በማን ላይ፣ ምን ጫነ ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ካልታየኝ፣ ችሎት ውስጥም ብሆን፣ ዳኛውን ፈቃድ ጠይቄ ዓረፍተ ነገሩ እንዲደገምልኝ አደርጋለሁ።