የጅሬንና የዴዶ ዳገት በሳይክል፦ ጥያቄና መልስ

ጉዞው እንዲህ ነው። ከጅማ መሀል ከተማ ተነስቶ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ መውጣት፤ ወርዶ ከተማዋን ማቋረጥ፤ ከዚያ በዴዶ መንገድ የዴዶ ከተማ ሸኪ ደርሶ ሳይመሽ ቤት መግባት። ጅሬን 7 ኪሎ ሜትር፣ ዴዶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ 54 አካባቢ ይሆናል። ለሜዳ ቀላል ርቀት ነው፤ እዚህ ግን ሲኬድ አብዛኛው ዳገት፣ ሲመጣ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ መንገድ የተነሱት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አሉ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ፊኒክስ ነው፣ ማርሽ የለውም። ጅሬንን ይወጣል?

አንተ ትወጣለህ፣ ፊኒክሱን እየገፋህ። የፊቱ ጥርስ 44፣ የኋላው 18 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ 5.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 40 ጊዜ ብቻ ብታዞር እንኳ ፍጥነትህ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ 6 በመቶ ዳገት ላይ ይህን ለብዙ ደቂቃ የሚችል እግር ጥቂት ነው። ከዚያ በታች ስታዞር ደግሞ ጉልበትህ ያልቃል። ስለዚህ ቀጥ ሲልብህ ወርደህ ግፋ፤ ባለማርሹም ከአንተ ብዙ አይፈጥንም። የሚያሳስበው መውረዱ ነው። በብረት ዘንግ የሚሠራው ፍሬን ቸርኬው ሲርስ አይይዝም፤ ዝናብ ካለ ዴዶን ለሌላ ቀን ተወው።

ጥያቄ፦ ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን አለኝ። ይበቃል?

ጥርሱን ቁጠር። የፊቱ ትንሹ 28፣ የኋላው ትልቁ 28 ከሆነ፣ በ26 ጎማ በደቂቃ 60 ዙር ስታዞር 7.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለህ። ለጅሬን ይበቃል፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ለዴዶ ይከብዳል። የኋላውን ጥርስ ባለ 34 ብታስቀይር ያው ዙር ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይወርድልሃል፣ እግርም ጉልበትም ይተርፋል። ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ፦ አጭር ክንድ ያለው የኋላ ማርሽ ለዋጭ 34 ጥርስ ላይሸከም ይችላል፤ አሮጌው ካቴናም ብዙ ጊዜ ስለሚያጥር ከነጥርሱ አብሮ ይቀየራል።

ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። እግርህ ፔዳሉን እየደቆሰ የፊቱን ማርሽ ለማውረድ ከሞከርክ ወይ ካቴናው ይወልቃል፣ ወይ በመሀል ይጎረሳል።

ጥያቄ፦ ዳገት ላይ ስረግጠው ካቴናው “ቋ” ብሎ ይዘላል። ሜዳ ላይ ግን ደህና ነው።

ሜዳ ላይ ስለማትጫነው ነው። መጀመሪያ ካቴናውን ለካ። የብረት ማስመሪያ ያዝና ዜሮውን አንዱ ፒን መሀል ላይ አድርግ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን አንድ ብለህ 24 ፒን ቁጠር። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሰጥሃል። 30.6 አልፎ ከሆነ ይቀየር። 30.8 ከደረሰ የኋላው ጥርስም አብሮት ተበልቷል፣ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥምበት መዝለሉ ይብስበታል። ሰው “አዲስ ገዝቼ ሸወዱኝ” የሚለው እዚህ ጋ ነው፤ ካቴናው ደህና ነው፣ የተበላው ጥርስ ነው የማይቀበለው።

ልኩ ደህና ሆኖ ከዘለለ ሽቦው ረግቧል ማለት ነው። ሽቦው ከማርሽ ለዋጩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችውን ማስተካከያ ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዙረህ ሞክር።

ከመነሳትህ በፊት አንድ ነገር አትርሳ። የኋላውን ጎማ አንሥተህ ፔዳሉን በእጅህ እያዞርክ ወደ ትልቁ ጥርስ ለውጥ። ካቴናው ጥርሱን አልፎ ወደ ቸርኬው ሽቦዎች የሚያዘነብል ከሆነ “ኤል” የተጻፈባትን ብሎን ሩብ ሩብ ዙር አጥብቅ። ዳገት ላይ ካቴና ሽቦው ውስጥ ከገባ ማርሽ ለዋጩም ቸርኬውም አብረው ይሄዳሉ፣ ጉዞውም እዚያው ያበቃል።

ጥያቄ፦ ለምን ዴዶ አይቀድምም? ትልቁን ዳገት በትኩስ ጉልበት መጨረስ አይሻልም ወይ?

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ እኔ አልስማማም። ጅሬን መጀመሪያ ሲሆን ሳይክሉ ይፈተሻል፦ የሚዘል ካቴና፣ የሚንጫጫ ፍሬን፣ የላላ ፔዳል ካለ እዚያ ይለያል፣ ስትመለስ ደግሞ በከተማው መሀል ታልፋለህ፤ ጎሚስታም ብየዳም መለዋወጫም እጅህ ላይ ነው። ከሸኪ በታች መንገድ ላይ ግን ይህ የለም።

ችግሩ ጅሬን አጭር መሆኑ ነው። ሰው አጭር ዳገት ሲያይ ይሮጥበታል። እስቲ እናስላው። አንተና ሳይክልህ 80 ኪሎ ናችሁ፣ ዳገቱ 6 በመቶ ነው እንበል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ስትወጣ እግርህ 120 ዋት ገደማ ያወጣል። 11 ስታደርገው ወደ 168 ይደርሳል፣ ማለትም 40 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ። በ3 ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ በዚህ ሁሉ ያተረፍከው 6 ደቂቃ ነው። ያንን 6 ደቂቃ ከሰዓት በኋላ በዴዶ መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ቁርጭምጭሚትህን እያሸህ ትከፍለዋለህ።

መለኪያው ወሬ ነው። ከጎንህ ካለው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መጨረስ ካቃተህ ፈጥነሃል፣ ማርሽ አውርድ።

ላይ ስትደርስ ግቢውን ሳታይ አትመለስ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡበት ቤት ነው፣ ለእግርም ዕረፍት ነው። ሳይክል ግን የእንጨቱ በረንዳ ላይ አይደገፍም፣ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት ይነሳ?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ቁልቁለቱ ላይ ያገኝሃል። ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ብርሃን አለ፣ ተነስ። 3 ሰዓት ላይ ከጅሬን ተመልሰህ ከተማ፣ 6 ሰዓት ላይ ሸኪ። የትም ብትሆን 8 ሰዓት ሲል ፊትህን ወደ ጅማ አዙር፣ ሸኪ ባትደርስም። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ቀይ እሸቱን የጫነው አይሱዙ አመሻሽ ላይ ወደ መፈልፈያ ስለሚሮጥ ከ10 ሰዓት በኋላ ጠባቡ መንገድ ላይ ባትገኝ ይሻላል። ሐሙስንም ተው፤ ለሂርማታ ገበያ ሰውም አህያም ባጃጅም መንገዱን ይዞታል።

ጥያቄ፦ ምን ልብላ? ባለፈው ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ድንገት ከዳኝ።

ያ ስኳር ማለቅ ነው፤ ርቦህ ከበላህ ዘግይተሃል። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ምግብ ውስጥ ያለው ስኳርና ስታርች) ያስፈልግሃል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በሰዓት አንድ ሙዝና አንድ ማንኪያ ማር፣ ማር ደግሞ ጅማ ላይ አይቸግርም። በሶ በማር በጥብጦ በጠርሙስ መያዝም ግሩም ነው፣ ቀጠን ይበል እንጂ። ጩኮ ቅቤው ብዙ ስለሆነ ሆድ ላይ ይቆያል፤ ለሸኪ ዕረፍት አቆየው፣ ዳገት መሀል አትብላው። ቆሎ ለጨዋታ ነው፣ እያለከለክህ ስታኝከው ትን ይልሃል።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር። ላብህ ልብስህ ላይ ነጭ ጨው የሚተው ከሆነ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ። ጨው አታብዛ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳገቱን እችላለሁ። ቁልቁለቱ ነው የሚያስፈራኝ።

መፍራትሽ ልክ ነው፣ እህቴ፤ በዚህ መንገድ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው።

ከቤት ሳትወጪ የፍሬኑን ጎማ እዪ። ፊቱ ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ልሙጥ ከሆነ ይቀየር። የፍሬኑ ጎማ ሳይጨበጥ ከቸርኬው በ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ሲጨበጥ ሙሉ በሙሉ ቸርኬውን ይንካ እንጂ የላይኛውን ጎማ አይንካ፣ ጎማውን ይቀደዋል። የፍሬን ሽቦው እጀታው ጋ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከሆነ ይቀየር፤ የቀሩት ክሮች የሚበጠሱት በኃይል የጨበጥሽ ቀን ነው።

ስትወርጂ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አትያዢው። ቸርኬው ይግላል፣ ከመነዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ጠበቅ አድርጊ፣ ፍጥነቱን አውርጂ፣ ልቀቂ፣ እንደገና። ሁለቱንም ፍሬን አብረሽ ተጠቀሚ። ዋናው የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ እሱን ፈርተው የኋላውን ብቻ የሚጨብጡ ናቸው ጎማቸው ተንሸራቶ የሚወድቁት። ኮረኮንች ላይ ግን የፊቱን በቀስታ፣ ያውም መሪው ቀጥ ባለ ጊዜ ብቻ። ጥምዝ ጋ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፍ በፊት ነው። ወገብሽን ከኮርቻው ወደ ኋላ አድርጊ፣ ፔዳሎቹን እኩል አግድም ያዢ፣ ጣቶችሽ ፍሬኑ ላይ ይሁኑ። ዓይንሽ ጉድጓዱን ሳይሆን የምታልፊበትን መስመር ይይ።

ዝናብ ከያዘሽ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ፍሬኑ ምንም አይልም፣ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቀድሞ በቀስታ ማስነካት። ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ያዢ፤ ላብ ያረጠበው ሰው ቁልቁለት ላይ ጣቱ ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም።

ጥያቄ፦ ረጅም ቀሚስ እለብሳለሁ። ካቴናው ውስጥ ይገባብኛል።

የካቴና መሸፈኛ ያለው ሳይክል ይሻላል። ከሌለው ከሥር ሱሪ ለብሰሽ ቀሚሱን በቀኝ በኩል ከጉልበት በታች ሰፊ ላስቲክ አስገቢበት። የሻርፕ ጫፍ ደግሞ ልብስ ውስጥ ይግባ፤ ወደ ኋላ ጎማ ከተሳበ አደጋው ከቀሚሱ ይብሳል።

ጥያቄ፦ በረመዳን ይቻላል?

ሙሉው አይቻልም፣ ያለ ውሃ 54 ኪሎ ሜትር ራስን መጉዳት ነው። ከመግሪብ አንድ ሰዓት ቀድሞ በከተማው ሜዳ ሜዳ ላይ ዞር ዞር ይበቃል።

ጥያቄ፦ የጎማው አየር ስንት ይሁን? ቢበሳስ?

ለ1.95 ጎማ፣ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ኮረኮንች ላይ 35፣ አስፋልት ላይ 45 ፒኤስአይ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፋ ጥቂት ጥቂት እያለ ይልቀቀው። የመኪና መንፊያ የሳይክልን ከመነዳሪ በሰከንዶች ያፈነዳዋል።

ትርፍ ከመነዳሪ ያዝ፣ መጣፍ ለሁለተኛው ብስ ይሁን። ሲጣፍ ቀዳዳውን ዙሪያ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍግ፣ ማስቲሹን ስስ አድርገህ ቀባ፣ 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን መጣፊያውን ለጥፈህ ተጫን። የሚላቀቀው ሁሉ እርጥቡ ላይ ስለተለጠፈ ነው። ከመግጠምህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትህ ዳብስ፣ እሾሁ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኘህ እሾህ አይደለም፤ አየር አንሶት ድንጋይ ከቸርኬው ጋር አጣብቆት ነው።

ጥያቄ፦ ቀዩ ጭቃ ጎማውን ሲይዘውስ?

አትርገጥ፣ ማርሽ ለዋጩን ይሰብረዋል። ወርደህ በእንጨት ጠርገህ፣ ሣሩን ይዘህ ግፋ። ቤት ስትደርስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው። ጭቃ ላይ የተቀባ ዘይት ሞረድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ገበሬ ስጠይቅ ሁልጊዜ “እዚህች ጋ ናት” ይሉኛል።

ለእግረኛ ናታ! ኪሎ ሜትር አትጠይቅ፣ “በእግር ስንት ሰዓት?” በል። በዳገት በኩል ከሆነ የሳይክሉም ሰዓት ከዚያ ብዙ አያንስም።

ጥያቄ፦ ከሸኪ መመለስ ቢያቅተኝ?

በመኪና ትመለሳለህ፣ ነውር የለውም። ሚኒባስ ላይ ሲጫን ሳይክሉ በግራ ጎኑ ይተኛ፣ ካቴናና ማርሽ ለዋጩ ወደ ላይ ይሁኑ። “ኋላውን ወደ ትንሹ ጥርስ ቀይረህ ጫነው፣ ማርሽ ለዋጩ ወደ ውስጥ ይገባልሃል” የሚል ሰው ካለ አትስማው፣ በትንሹ ጥርስ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው፤ ትልቁ ጥርስ ላይ አድርገው። ገመዱ ከብረት አካሉ ጋር ይታሰር እንጂ ከቸርኬው ጋር አይታሰር። ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ተነጋገር።