ገንዘባችሁ በየትኛው በር ይግባ?

ከዋሽንግተንም ይሁን ከፍራንክፈርት የሚደውልልኝ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ አገር ቤት ምን ብሠራ ያዋጣኛል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «እንደ ማን ሆነህ ነው የምትገባው?» አብዛኛው የቀለድኩበት ይመስለዋል። ከዘርፉ በፊት የሚመረጠው ግን ይኼ ነው። እኔ ሳልመርጥ ገብቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያውን ገንዘብ የላክሁት በሰው በኩል ነበር። ዶላሩን እዚያው ለአንድ ነጋዴ ሰጠሁ፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለወንድሜ ብር አስቆጠረለት። ከባንክ የተሻለ ስለሰጠኝ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ማሽን ተገዛ፣ ሼድ ተከራየን፣ ሥራው ተንቀሳቀሰ። ከዓመታት በኋላ ድርሻዬን ለሸሪኬ ሸጬ ገንዘቤን ወደምኖርበት አገር ልመልስ ስል የባንኩ ሠራተኛ በትሕትና «ገንዘቡ ከውጭ የገባበትን ማስረጃ ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ምን ይዤ ልሂድ? በመዝገብ ላይ እኔ አንዲት ዶላር አላስገባሁም። መዝገቡ የሚያውቀው ወንድሜ ብር እንደነበረው ብቻ ነው። በምንዛሪ ያተረፍኳት ልዩነት፣ አሁን ሳስበው፣ ለማሽኑ አንድ ሞተር እንኳ አትገዛም ነበር። መንገዱ ሕገወጥ መሆኑን ደግሞ ያኔም አጥቼው አልነበረም።

የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 እንደ እኛ ላለ ሰው ሁለት በር አለው። ዜግነቱን የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መግባት ይችላል፤ ካልፈለገ እንደ ማንኛውም የውጭ ባለሀብት ይገባል። ፓስፖርቱን ሳይቀይር በቋሚነት ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊም የውጭ ባለሀብት ልሁን ካለ ይፈቀድለታል።

በአገር ውስጥ ባለሀብትነት የገባ ሰው የካፒታል ወለል፣ ማለትም ቢያንስ ይህን ያህል አምጣ የሚባል መጠን፣ የለበትም። ለዜጋ የተከለሉት ሥራዎች፣ ታክሲው፣ የውበት ሳሎኑ፣ ኮከብ የሌለው ሆቴል፣ ሁሉም ክፍት ናቸው። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው መንገዱ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያው፣ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራላችሁ፣ ቤት በስማችሁ ይሆናል። መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን የለም።

በውጭ ባለሀብትነት ስትገቡ ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ይጠየቃል፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ከሆነ 150 ሺህ። በምህንድስና፣ በአርክቴክቸርና በመሳሰለው የማማከር ሥራ ደግሞ 100 ሺህ፣ በሽርክና 50 ሺህ ይበቃል። ለዚህ ሁሉ ዶላር የሚሰጣችሁ ነገር አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። ትርፋችሁን፣ የአክሲዮን ሽያጩን፣ ድርጅቱ ቢፈርስ የሚተርፈውን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ የማውጣት መብት አላችሁ። አገር ውስጥ ባለሀብቱ ይህ የለውም። ባለቤት ሆኖ የገባ የሚወጣበት በር ጠባብ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የገባ ግን ከነሻንጣው ይወጣል።

የእኔ አስተያየት ይኼ ነው። ተመልሳችሁ ልትኖሩ ካሰባችሁ፣ ልጆቻችሁም እዚያው የሚያድጉ ከሆነ፣ የአገር ውስጡን በር ምረጡ። ጡረታችሁን ውጭ ልታሳልፉ ከሆነና ገንዘቡ አንድ ቀን መመለስ ካለበት የ200 ሺሁን ወለል አሟሉ፤ ካልሞላላችሁ ሸሪክ ፈልጉ፤ ያም ካልሆነ ቆዩ። ከሁሉ የሚከፋው እንደ ባለቤት ገብቶ እንደ እንግዳ ልውጣ ማለት ነው።

የውጩን ከመረጣችሁ ደግሞ ካፒታሉን በባንክ አስገብታችሁ ኢንቨስትመንት ኮሚሽኑ ዘንድ አስመዝግቡ፤ የምስክር ወረቀቱንም ተቀበሉ። ካፒታል ማለት ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የምታስገቡት ማሽንም ይመዘገባል፣ ስለዚህ ኢንቮይሱንና የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን አትጣሉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቢሆን መብቱ በወረቀት፣ ዶላሩ በባንክ ነው። ተራ ጠብቆ የማያውቅ ባለሀብት አላየሁም።

ምንዛሪውን ካነሳን፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ብሩን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። አስቀድማችሁ 10 ሺህ ዶላር መንዝራችሁ 570 ሺህ ብር ባንክ ያስቀመጣችሁ ከሆነ ያ ብር በ100 ሲመነዘር 5,700 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ገንዘቡን ማሽን ላይ ያዋለው፣ በተለይም ምርቱን ወደ ውጭ የሚልከው ሰው ግን እንዲህ አልተመታም። ስለዚህ ሥራው ሳይደርስ አትመንዝሩ። የዲያስፖራ አካውንት በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ ከፍታችሁ ሥራው በጠየቀ ቁጥር መመንዘር ይቻላል።

በሩ ደግሞ ራሱ ቦታውን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን የነበራቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዜግነታቸው ተጠቅሶ ድርሻቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። የባንኩ ድርሻ በእኛ አቆጣጠር በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1159 ተመልሶ ተፈቀደላቸው፣ በ2017 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1360 ዘርፉ ለውጭ ባንኮች ጭምር ተከፈተ። ገቢና ወጪ ንግድ፣ ጅምላና ችርቻሮ ለዜጋ የተከለሉ ነበሩ፤ በ2016 በወጣ መመሪያ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ተፈቀዱ። እንግዲህ ማንም ተፎካካሪ አይገባበትም ብላችሁ የከፈታችሁት ሱቅ ነገ አጠገቡ ማን እንደሚከፍት አታውቁም። አዋጪነቱን በሕግ ከለላ ላይ ብቻ አትመሥርቱ።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ልምጣ፣ ከእነሱ የምንማረው አለና። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ተመረቀ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች አቅራቢዎቹን አስከትሎ ገባ። ኅዳር 2014 ላይ ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ተሰረዘች፤ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባው ሸሚዝ ቀረጥ መጣበት። ያኔ ብዙ ሰው «ከዱን» ሲል ሰማሁ። ማን ቃል ገብቶልን ነበር? ጨርቁ ከውጭ፣ ክሩ ከውጭ፣ ዚፑና ቁልፉ ከውጭ፤ የአገሩ የነበረው መብራትና በወር 26 ዶላር ገደማ መነሻ ደመወዝ የሚከፈላቸው ልጆች ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለመምጣትም ለመሄድም ቀላል ነው።

ያልሄደው ነገር ግን አለ። ከገጠር መጥተው ከስፌት ማሽን የተዋወቁ፣ በኋላም መስመር መምራት፣ ጥራት መቆጣጠር፣ ማሽን መጠገን የለመዱ ልጆች አሁንም እዚያው ናቸው። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የሚባል ድርጅቷ ከኮሪያው ዳዉ ጋር ተስማምቶ 130 ሠራተኞችን ለሥልጠና ወደ ደቡብ ኮሪያ ላከ። ከተመለሱት ውስጥ አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድርጅቱን ለቀው የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም የሌላውን መሩ። ዴሽ በወቅቱ አልተደሰተ ይሆናል። አገሩ ግን ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ልብስ ላኪዎች አንዱ ነው። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ1980 ሼንዘንን ጨምሮ አራት ልዩ የኢኮኖሚ ዞኖች ስትከፍት ቀድመው ከገቡት ብዙዎቹ የሆንግ ኮንግና የባሕር ማዶ ቻይናውያን ነበሩ። ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ዘመድ አላቸው፣ ዕቃ ገዥውንም ያውቁታል። ከገንዘባቸው ይልቅ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል፦ በእጃቸው ደንበኛ ይዘው መግባታቸው።

እናንተም ያላችሁ ይኼው ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ በመጋዘን፣ በሆስፒታል፣ በሱፐርማርኬት ግዢ ክፍል የምትሠሩት? አንድ አውሮፓዊ ገዥ ካርቶኑ ምን ዓይነት ምልክት እንዲኖረው እንደሚፈልግ፣ ዕቃው ሁለት ቀን ቢዘገይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። አገር ቤት ያለው አምራች ይህን አያውቅም፤ ለማወቅም ዓመታት ይፈጅበታል። ከትልቁ ኩባንያ ጋር ልፎካከር ብሎ ስፌት ፋብሪካ ከመትከል ለእሱ ካርቶን፣ ሌብል፣ መለዋወጫ ማቅረብ ይሻላል። እሱ ቢሄድ እንኳ ካርቶን የሚፈልግ ሌላ አይጠፋም። ሐዋሳ ላይ መስመር ትመራ የነበረችውንም ልጅ ፈልጋችሁ ቅጠሯት፤ እባካችሁ ግን በ26 ዶላር አይሁን።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ውክልና። እናንተ በሌላችሁበት በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ጉዳይ ነው። ኤምባሲ ሄዳችሁ ለእህታችሁ ልጅ «ጠቅላላ ውክልና» ሰጥታችሁ የምትመለሱ ብዙ ናችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን ለማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚቆጥረው፦ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ እንዲህ ያለውን። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ካፒታልን ማኅበር ውስጥ ለማስገባት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ፈርቶ ያለውን ሥልጣን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሮ ይሰጣል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ የሚገባው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን ውክልና ስጡ። ሥራው ሲያልቅ ሻሩት፤ መሻሩንም ውክልናው ለቀረበለት ባንክና መሥሪያ ቤት ሁሉ በጽሑፍ አሳውቁ። የማኅተም ቀኑ ያለበትን ቅጂም ከባንክ ደረሰኛችሁ ጋር አንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡት።